የጥንቸል ዐይን ምስክርነት፤ ከዐድዋ ወንዝ እስከ ጅቡቲ ወደብ

ከባሕር ማዶ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ከተማ ወደብ ነው። ይህም በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ ጸንቶ የቆየ ነገር ነው። ከዚሁ ዕቃ መካከል በበርሜል፣ በጀሪካንና በከረጢት የታሸገ ብዙ ዐይነት ኬሚካል ይገኛል፤ ለሳሙና ፋብሪካ የሚሆነው ሶዳ፣ ለቆዳ ፋብሪካ የሚሆነው ክሮም፣ ገበሬው የሚረጨው የተባይ መግደያ፣ ለቤት የሚሆነው ቀለም ከነዚሁ ይቈጠራሉ። በየዕቃው ላይ ከሚለጠፈው ጽሑፍ አንዱ አጭር ቃል «ዐይን ይጎዳል» የሚል ነው። ጫኙም፣ አውራጁም፣ ነጋዴውም ይህን ቃል አይቶ ያልፋል። ነገር ግን ቃሉ እንዲያው በግምት የተጻፈ አይደለም። ከበስተኋላው ረዥም ታሪክ አለ፤ በታሪኩም ውስጥ የሰው ሥቃይ፣ የእንስሳ ሥቃይ፣ የሊቃውንት ድካምና የድኻ አገር ሕዝብ ዕጣ ተያይዘው ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ዐይንን የሚያቃጥል መሆኑን ሰው በጥንት ዘመን ያወቀው በራሱ ዐይን ነው። በርበሬ የምትደልዝ ሴት፣ ኖራ የሚያቦካ ግንበኛ፣ ከሰል የሚያከስል ሰው፣ ሁሉም ሥራው የሚያመጣበትን ጉዳት በልምድ ተምሮ ልጁን ያስጠነቅቅ ነበር። የኬሚካል ፋብሪካ በሠለጠነው ዓለም በተስፋፋ ጊዜ ግን ይህ የልምድ ትምህርት አልበቃ አለ። ፋብሪካው በየዓመቱ የሚያወጣው አዲስ ነገር አባትም አያትም የማያውቁት ነበርና፤ የመጀመሪያው ተጎጂ እስኪገኝ ድረስ ጠባዩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ኬሚካል በሰው ዐይን ላይ የሚያደርሰውን መከራ በብዛት ካዩት ሕዝቦች አንዱ የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ውል በ1928 ተቀብላ ሳለ፣ በዲሴምበር 1935 በተከዜ አካባቢ ጀምራ ኢፔሪት የተባለውን የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አወረደች። ይህ መርዝ የነካውን ቆዳ ያቈስላል፣ ሳንባን ያቃጥላል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ዐይንን ያጠቃል። በ1936 መጀመሪያ ወራት በሰሜን ጦር ግንባር የነበሩት የቀይ መስቀል ሐኪሞች ዐይናቸው የተቃጠለና ቆዳቸው የተላጠ ወታደሮችንና ባላገሮችን አክመዋል፤ ከእነርሱም መካከል የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው ስዊሳዊው ዶክተር ማርሴል ዡኖ ያየውን ለዓለም መስክሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሜይ 1936 በባቡር ጅቡቲ ወርደው ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከተጓዙ በኋላ፣ ጁን 30 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው ይህንኑ ግፍ አሰምተዋል። የኢጣልያ መንግሥት በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው ግን 60 ዓመት ቈይቶ በ1996 ነው።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሌላ ዐይነት ጉዳት ተገለጠ። በ1933 «ላሽ ሉር» የተባለ የሽፋሽፍት ማጥቈሪያ ቀለም ለሽያጭ ቀርቦ ነበር፤ በውስጡም ፓራፌኒሊን ዳያሚን የተባለ ኬሚካል ነበረበት። በዚህ ቀለም የተኳሉ አንዳንድ ሴቶች ዐይናቸው ቈሰለ፤ አንዲቱ ታወረች፤ ሌላይቱም ሞተች። የአገሪቱ ሕግ በዚያን ጊዜ መድኃኒትንና ምግብን እንጂ መኳያንና ቅባትን የማይመለከት ስለ ነበረ፣ መንግሥት ቀለሙን ከገበያ ለማስወጣት ሥልጣን አልነበረውም። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1938 የምግብ፣ የመድኃኒትና የማማሪያ ዕቃ ሕግ ወጣ፤ ለሽያጭ የሚቀርበው ነገር የሰውን አካል የማይጎዳ እንዲሆንም አዘዘ።

ሕጉ ከወጣ በኋላ «የማይጎዳ መሆኑ በምን ይታወቃል?» የሚል ጥያቄ ቀረ። ለዚህ መልስ የሰጠው በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ጆን ድሬዝ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሊቅ የነበረው ዮናስ ፍሪደንዋልድና ባልደረቦቹ የአሲድንና የአልካሊን ጉዳት በጥንቸል ዐይን ላይ በነጥብ የሚለኩበትን መንገድ አውጥተው ነበር፤ ድሬዝም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህን መንገድ አስፍቶ በ1944 አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ሥራው «የድሬዝ ምርመራ» ተብሎ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሚመረመረው ነገር ፈሳሽ ከሆነ 0.1 ሚሊ ሊትር ተለክቶ በነጭ ጥንቸል በአንደኛው ዐይን ውስጥ ይጨመራል፤ ሌላው ዐይን ለማነጻጸሪያ ሳይነካ ይቀመጣል። ከ1 ሰዓት፣ ከ24፣ ከ48ና ከ72 ሰዓት በኋላ፣ አስፈላጊም ሲሆን ከዚያ ለበለጡ ቀናት ዐይኑ ይታያል። ተመልካቹ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል፤ ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የፊተኛው ሽፋን መደፍረሱን፣ አይሪስ የሚባለው ባለቀለሙ ክብ መቈጣቱን፣ የዐይንን ነጭና የቆብን ውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን መቅላቱንና ማበጡን። ለእነዚህ ሁሉ የሚሰጠው ነጥብ ሲደመር ከፍተኛው 110 ነው፤ ከዚህም ውስጥ 80ው የኮርኒያ ነው፤ ማየትን ለዘወትር የሚያጠፋው የኮርኒያ ጉዳት ነውና። ጥንቸል የተመረጠችበት ምክንያት ዐይኗ ትልቅ፣ ጠባይዋ ገራም፣ ዋጋዋም ርካሽ በመሆኑ ነው።

ይህ ምርመራ ጥቅም አልሰጠም ማለት አይቻልም። በርሜል ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ፣ ለሠራተኛ የሚሰጠው መነጽር፣ ከገበያ የሚወገደው አደገኛ ነገር፣ ብዙው በዚሁ የተገኘ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ጕድለቱም ብዙ ነበር። የጥንቸል ኮርኒያ ከሰው ኮርኒያ ይሳሳል፤ ጥንቸል ዐይኗን የምታርገበግበው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ በሰው ላይ የማይገኝ ሦስተኛ የዐይን ቆብም አላት። ስለዚህ በእርሷ ላይ የታየው ሁሉ በሰው ላይ ይደርሳል ብሎ በእርግጥ መናገር አይቻልም። ደግሞም ነጥቡን የሚሰጠው የሰው አስተያየት ነው። በ1971 ዊልና ስካላ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንዱን ነገር ለብዙ ላቦራቶሪዎች አስመርምረው ውጤቱን ቢያነጻጽሩ፣ አንዱ «እጅግ ያቃጥላል» ያለውን ሌላው «አያቃጥልም» ሲል አገኙት። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ እንስሳዪቱ የምትቀበለው ሥቃይ ለብዙ ጊዜ ያለ ማደንዘዣ የሚፈጸም ነበር።

ይህ ምርመራ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በቅርብ የተገናኘው በእንዶድ ምክንያት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ትምህርቱን የፈጸመ ሊቅ ሲሆን፣ በ1964 በዐድዋ ከተማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምር አንድ ነገር ተመለከተ። ሴቶች ከወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይታያሉ፤ ከበላይ ያሉት ግን ደኅና ናቸው። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር በሽታውን ከምንጩ ያደርቀዋል። በጊዜው ለዚህ ሥራ ይገኝ የነበረው ከውጭ አገር የሚገዛ ውድ መድኃኒት ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ የሚበቅል፣ እናቶች ከጥንት ጀምሮ በሳሙና ፈንታ ሲገለገሉበት የኖሩ ነው።

አክሊሉ ለማ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዐይነቶች ሰብስቦ እያነጻጸረ ብርቱ የሆኑትን መረጠ። በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ደግሞ ከፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚገድለውን ሳፖኒን ለይተው በአግኚው ስም «ለማቶክሲን» ብለው ጠሩት። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል በዐድዋ ወንዞች ላይ በእንዶድ ሙከራ ተደረገ፤ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ከመቶ 50 የነበረው የበሽታው መጠን ወደ 7 መውረዱ ተገለጠ።

ይሁን እንጂ እንዶድ ወዲያው በዓለም ተቀባይነት አላገኘም። የተባይ መግደያ ሁሉ ለመመዝገብ የሚጠየቀው የምርመራ ዝርዝር ነበር፤ በአፍ ቢገባ ምን ያደርጋል? ቆዳን ይቈጣል ወይ? የዘር ጠባይን ይለውጣል ወይ? ዓሣን ይገድላል ወይ? ዐይንንስ ያቃጥላል ወይ? እነዚህ ሁሉ በታወቀ ደንብ፣ በታወቀ ላቦራቶሪ ተመርምረው መቅረብ ነበረባቸው። አክሊሉ ለማ በአፍሪካ የሚሠራ ሊቅ ቃሉ ቶሎ የማይታመን መሆኑን፣ ድኻ አገርም ይህን የመሰለውን ምርመራ ለመክፈል ዐቅም የሌለው መሆኑን ደጋግሞ በምሬት ተናግሯል። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ስለ እንዶድ መከሩ፤ ከዚያም የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማእከል ባደረገው ርዳታ የሚፈለገው ምርመራ በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ተፈጽሞ ውጤቱ በ1991 ታተመ። እንዶድ የዘር ጠባይን የሚለውጥ ሆኖ አልተገኘም፤ ዓሣን ግን ይጎዳል፤ ዐይንንም ይቈጣል። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀብለው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የደረቀ እንዶድ ስትወቅጥ ፊቷን መለስ የምታደርግ እናት፣ ዱቄቱ ዐይንና አፍንጫ እንደሚለበልብ ታውቃለች። ታዲያ ይህን ለማረጋገጥ ሌላ ምርመራና የጥንቸል ዐይን ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ሁለት መልስ አለው። አንደኛው፣ የእናቲቱ ዕውቀት እውነተኛ ቢሆንም መጠንን አይናገርም፤ በወንዝ ውስጥ የሚጨመረው ቀጭን ውሁድና በእጅ የሚያዘው ደረቅ ዱቄት በጉዳት አንድ አይደሉም። በሺህ የሚቈጠር ሠራተኛ ዱቄቱን ሊረጭ ከሆነ፣ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቶሎ የሚድን ወይም የሚሰነብት መሆኑን ለይቶ ማወቅ ግዴታ ነው። ሁለተኛው መልስ ግን የሚያስመሰግን አይደለም። የእናቲቱ ቃል በማንም መዝገብ ላይ ስላልተጻፈ እንዳልተነገረ ተቈጠረ፤ መስክራ የምትታመነው በባሕር ማዶ ላቦራቶሪ ያለችው ጥንቸል ሆነች። ልማዳዊ ዕውቀት አስቀድሞ በጥንቃቄ ተሰብስቦ፣ ተጽፎና ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ የእንስሳዪቱም ሥቃይ፣ በመጠበቅ የጠፋውም ዓመት በቀነሰ ነበር።

ዕውቀት ተገኝቶ ደግሞ በሥራ ላይ ካልዋለ ምን እንደሚሆን በጅቡቲ ከተማ የደረሰው ነገር ያሳያል። በ2002 መጀመሪያ ከእንግሊዝ አገር ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣ የነበረ የእንጨት ማጽኛ ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ላይ ከፕላስቲክ መያዣዎቹ ውስጥ እያፈሰሰ ተገኘ። ኬሚካሉ ክሮም፣ መዳብና አርሰኒክ የተቀላቀሉበት ሲሆን፣ በህንድ አገር በ1930ዎቹ ዓመታት ከተፈለሰፈ ጀምሮ የስልክና የመብራት ምሰሶን ከምስጥና ከብስባሽ ለመጠበቅ በብዙ አገር ሲያገለግል የኖረ ነው። ክሮሙ ቆዳንና ዐይንን ያቃጥላል፤ አርሰኒኩም ብርቱ መርዝ ነው። የፈሰሰው ነገር ኮንቴይነሮቹንና የወደቡን መሬት ስለ በከለ ለሠራተኛውና ለከተማው ሕዝብ አስጊ ሆነ፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም ነገሩን ለዓለም አስታውቆ አስቸኳይ ርዳታ ጠየቀ።

በዚህ አደጋ የጐደለው የምርመራ ዕውቀት አልነበረም። ያ ኬሚካል ዐይንን የሚያጠፋ መሆኑ ከብዙ ዓመታት በፊት የታወቀ፣ በመጻሕፍትም የሰፈረ ነው። እንዲያውም ብርቱ አሲድ ወይም ብርቱ አልካሊ የሆነ ነገር ዐይንን እንደሚያበላሽ ከጠባዩ ስለሚታወቅ፣ የዓለም አቀፉ ደንብ እንዲህ ያለውን ነገር በእንስሳ ዐይን ላይ መሞከር አያስፈልግም ይላል። የጐደለው ዕውቀቱን ወደ ጠንካራ መያዣ፣ ወደ ጓንትና መነጽር፣ ወደ ወደብ ቍጥጥር የሚለውጥ ጥንቃቄ ነበር። በእንስሳ ሥቃይ የተገዛ ዕውቀት በወረቀት ላይ ብቻ ከቀረ፣ ሥቃዩ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ መጀመሪያ በእንስሳው፣ ኋላም በሰው።

የምርመራው መንገድ ራሱም ሳይለወጥ አልቀረም። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት ስለ እንስሳት ምርመራ ሦስት ሥርዐት አወጡ፤ በሌላ መንገድ መተካት ከተቻለ መተካት፣ ካልተቻለ ቍጥሩን መቀነስ፣ ያም ካልሆነ ሥቃዩን ማቅለል። በ1980 ሄንሪ ስፒራ የተባለው የኒውዮርክ መምህር ስለ ጥንቸሎች ዐይን በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ላይ ጥያቄ አሳተመ። ሕዝቡም ስለ ተነሣሣ ሬቭሎን የተባለው የመኳያ ኩባንያ ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ 750,000 ዶላር ሰጥቶ ሌላ መንገድ እንዲፈለግ አደረገ። በማግሥቱ ዓመት በ1981 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ምርመራ ፈንታ ሌላ ዘዴ የሚፈልግ ማእከል ተቋቋመ። ፍሪደንዋልድ የጥንቸልን ዐይን በነጥብ የለካበት፣ አክሊሉ ለማም የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ደረጃ በደረጃ መጣ። የምጣኔ ሀብት ትብብርና ልማት ድርጅት በ1981 ያወጣው የዐይን ምርመራ ደንብ በየጊዜው ተሻሽሎ፣ በ2012 ማደንዘዣና የሥቃይ ማስታገሻ እንዲሰጥ፣ የእንስሳቱም ቍጥር ከጥቂት እንዳያልፍ አዟል። በ2009 ለምግብ ከታረዱ ከብቶችና ዶሮዎች ዐይን ላይ መመርመር የሚቻልበት ደንብ ወጣ፤ በ2015 ደግሞ በላቦራቶሪ ከሰው ሕዋስ የበቀለ የኮርኒያ መሰል ሥጋ ለምርመራ እንዲውል ተፈቀደ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2013 በእንስሳት ላይ የተሞከረ የመኳያና የማማሪያ ዕቃ እንዳይሸጥ ፈጽሞ ከለከለ። ይህ ሁሉ የሆነው ሊቃውንቱ የሰውን ደኅንነት ስለ ናቁ ሳይሆን፣ የተሻለ ዕውቀት ባነሰ ሥቃይ ሊገኝ እንደሚችል በሥራ ስላሳዩ ነው።

ይህ ታሪክ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩን በሦስት ነገር ያስበዋል። አንደኛ፣ ሳይንስ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀዳ አለመሆኑን ከዐድዋ ወንዝ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም፤ ትልቁ ግኝት የተገኘው እናቶች የሚሠሩትን በትኩረት ካየ ሰው ነው። ተማሪውም በመንደሩ ያለውን ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ እየጠየቀ ቢመዘግብ ለነገው ተመራማሪ መንገድ ይጠርጋል። ሁለተኛ፣ ሕይወት ያለው ፍጥረት ለምርመራ በሚቀርብበት ጊዜ፣ እንቍራሪትም ሆነ ዐይጥ፣ «ሥራው ያስፈልጋል ወይ? በሌላ መንገድስ አይቻልም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከትምህርቱ ክፍል አንዱ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ያለው የአሲድ ጠርሙስ፣ ኮስቲክ ሶዳና ኖራ ከጅቡቲ ወደብ በርሜል የተለየ ጠባይ የለውም። ጽሑፉ ሳይነበብ አይከፈት፤ ያለ መነጽርም አይነካ። ምናልባት ወደ ዐይን ቢገባ ቆቡን ገልጦ በንጹሕ ወራጅ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብና ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ውሃ በሌለበት ላቦራቶሪ አሲድ ማስቀመጥ ግን ተማሪውን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ይህም የትምህርት ቤት ሹማምንት በጀት ሲመድቡ ሊዘነጉት የማይገባ ጉዳይ ነው።

በጠርሙሱ ላይ ያለው አጭር ቃል በብዙ ዐይን ዋጋ የተጻፈ ነው። በእነዚያም መካከል በ1936 በመርዝ ጋዝ የጠፋው የባላገሩ ዐይን፣ በቀለም የታወረችው ሴት ዐይን፣ በየላቦራቶሪው የነበረው የጥንቸል ዐይን ይገኛል። ተማሪው ቃሉን አንብቦ እጁን ከሰበሰበና መነጽሩን ካጠለቀ፣ ያ ሁሉ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።